ሠሪውስ እንዴት አለፈው?

አንዴ ከተነካህ አለቀ። «ባትል ኪድ» የሚባለው የቪዲዮ ጌም ሕግ በአጭሩ ይኸው ነው። ጥይት ነካህ፣ ሞትክ። የእሾህ ጫፍ ነካህ፣ ሞትክ። መሬት ለመሬት የሚንፏቀቅ፣ ዓይን የማይሞላ ትንሽ ፍጥረት ጫማህን ዳሰሰህ፣ ሞትክ። ቦሶቹ፣ ማለትም መንገድ የሚዘጉት ትልልቆቹ ጠላቶች፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞቱም። እነሱ ጥይት ጠጥተው ጠጥተው ነው የሚወድቁት።

ጌሙ የወጣው በ2010 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የተሠራው ግን ለዘመኑ ኮንሶል አይደለም። በጃፓን በ1983 ፋሚኮም፣ በአሜሪካ በ1985 ኤንኢኤስ ተብሎ ለገበያ ለቀረበው ለአሮጌው የኒንቴንዶ ማሽን ነው። ሠሪው ሲቫክ በሚል ስም የሚታወቅ ፕሮግራመር ነው። ያዘዘው ኩባንያ የለም፣ ከኒንቴንዶም ፈቃድ የለም። እንዲህ ያሉትን ጌሞች ሆምብሪው ይሏቸዋል። ማሽኑ ከገበያ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የወደደው ሰው በራሱ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚሠራቸው ናቸው። እንዲያውም የአሜሪካው ኤንኢኤስ ውስጥ ፈቃድ የሌለውን ካርትሪጅ (ጌሙን ይዞ ማሽኑ ላይ የሚሰካውን ሣጥን) የሚያባርር ቺፕ አለ። ሆምብሪው ሠሪዎች ያንን ቺፕ የሚሸውድ ሌላ ቺፕ ካርትሪጁ ውስጥ ይከታሉ። ማሽኑ ራሱ «አትግባ» እያለ በግድ ይገባሉ ማለት ነው።

የጌሙ ዓይነት ፕላትፎርመር ነው። ትሮጣለህ፣ ትዘላለህ፣ ትተኩሳለህ። ከአንዱ ክፍል ወጥተህ ወደ ሌላው ስትገባ ስክሪኑ ይቀየራል። ክፍሎቹ ከ550 በላይ ናቸው። ብዙዎቹን ስታያቸው በጥቂት ሰከንድ የሚታለፉ ይመስላሉ። ይመስላሉ ነው ያልኩት።

አንድ ክፍል ላይ ተቸክዬ ስቀር ከአፌ የሚወጣ ጥያቄ አለ፤ «ቆይ፣ ሠሪውስ እንዴት አለፈው?» በፊት የንዴት ጥያቄ ነበር። መልስ አልጠበቅኩበትም። እየቆየ ግን የምር ማሰብ ጀመርኩ። ይህ ሰው ይህችን እሾህ እዚህ ቦታ ሲያስቀምጥ ምን እያየ ነበር? ጌሙን የሞከረው በማን እጅ ነው?

ለመልሱ መጀመሪያ ማሽኑን ማየት ያስፈልጋል።

የኤንኢኤስ ፕሮሰሰር ፍጥነት 1.79 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። የሥራ ሚሞሪው 2 ኪሎባይት፣ ማለትም 2,048 ባይት ብቻ ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኢንተርኔት ላይ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አራተኛው አንቀጽ ሳያልቅ ሚሞሪው ሞልቶ ፈሷል። እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው የምታጫውተው ልጅ የት እንደቆመ፣ ቦሱ ለመውደቅ ስንት ጥይት እንደቀረው፣ ጥይቶቹ ወዴት እየሄዱ እንደሆነ፣ ሙዚቃው የቱ ጋ እንደደረሰ የሚያዘው።

ፕሮሰሰሩ ደግሞ ማባዛት አያውቅም። የምሬን ነው። መደመርና መቀነስ ይችላል። ማባዛትና ማካፈል የሚባል ትእዛዝ ግን የለውም። ከፈለግክ ራስህ ከመደመር ትገነባዋለህ። ሁሉንም ነገር በአሴምብሊ ቋንቋ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ ነው የምትጽፈው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ አንዷ እድሳት ፍሬም ትባላለች። በእያንዳንዱ ፍሬም ፕሮሰሰሩ የሚያገኘው ጊዜ 29,780 ሳይክል (የፕሮሰሰሩ ምት) አካባቢ ነው። አንድ ትእዛዝ ቢያንስ ሁለት ሳይክል ይበላል። ሂሳቡን ስትሠራው ብዙ አይተርፍህም።

ታዲያ እዚህ ማሽን ላይ ዝላይ ማለት ምንድን ነው? ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። የተለመደው ዘዴ የልጁን ከፍታ በሁለት ባይት መያዝ ነው። አንዱ ባይት ስንተኛው ፒክስል (የስክሪኑ ነጥብ) ላይ እንዳለ ይናገራል፣ ሌላው የፒክስሉን ሽራፊ ይይዛል። ቁልፉን ስትጫን ልጁ ወደ ላይ የሚወስደው ፍጥነት ያገኛል። በየፍሬሙ ከዚያ ፍጥነት ላይ አንዲት ቁጥር ትቀነሳለች። ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ልጁ አናት ላይ ደርሷል፤ ከዚያ መውረድ ነው። ያቺን የምትቀነስ ቁጥር ትንሽ ብትነካት መላው ጌም ይለወጣል። ትናንት የሚደረስበት መቆሚያ ዛሬ አይደረስበትም። 550 ክፍል የሠራ ሰው ያቺን ቁጥር መሃል መንገድ ላይ ልቀይር ቢል 550ውንም እንደገና መሞከር አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የሥዕል ቺፑ ነው። የሚንቀሳቀሱት ነገሮች፣ ልጁም ጥይቱም ጠላቱም፣ ስፕራይት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ይሳላሉ። አንዷ ቁራጭ 8 በ8 ወይም 8 በ16 ፒክስል ናት። በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚወጡት 64 ብቻ ናቸው። ይህስ ባልከፋ። ችግሩ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ማሳየት አለመቻሉ ነው። ዘጠነኛው ዝም ብሎ ይጠፋል። የድሮ ጌሞች ላይ ጠላት ሲደረደር ሁሉም ብልጭ ድርግም የሚሉት ለዚህ ነው። ፕሮግራመሩ አንዱ ብቻ ጠፍቶ እንዳይቀር ተራ እያስያዛቸው ነው።

አሁን ይህንን ከአንድ ንክኪ ሞት ጋር ደምረው። ያላየሁት ጥይት ከገደለኝ እሱ ጌም ከባድ ሳይሆን ሌባ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ክፍሉን በጠላት አያጨናንቀውም። ሁለት ጠላት፣ አንድ ተንቀሳቃሽ መቆሚያ፣ በቃ። ክብደቱ ከብዛት መምጣት ካልቻለ ከአቀማመጥ ነው የሚመጣው። ይህ ጠላት ለምን ከጫፉ ሦስት ፒክስል ወደ ውስጥ ቆመ? ይህ ጥይት ለምን ልክ ስዘል ይደርሳል? አጋጣሚ የሚመስለው ሁሉ ታስቦበት ነው።

እሾህስ? እሾህ የጀርባው ሥዕል አካል ነው። ከ64ቱ ውስጥ አይቆጠርም። የፈለግከውን ያህል ብትደረድረው ማሽኑ አይሰማውም። እነዚህ ጌሞች ከወለል እስከ ጣሪያ በእሾህ የተሞሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በዚያ ማሽን ላይ ከሁሉም የረከሰው ሞት እሾህ ነው።

የድሮ ጌሞች ለምን ከባድ እንደሆኑ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ አልደግመውም። በአጭሩ፣ ግማሾቹ ሳንቲም እየዋጡ ይሠሩ ከነበሩት ማሽኖች የተገለበጡ ናቸው፤ ቶሎ ካልሞትክ ሳንቲም የለም። ግማሾቹ ደግሞ ቦታ ስለሌላቸው አጭር ናቸው። የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሁለመናው 40 ኪሎባይት ነው። ይህ ጽሑፍ ራሱ ሲያልቅ ከ20 ኪሎባይት በላይ መያዙ አይቀርም። አጭር ጌም ረጅም የሚሆነው ተጫዋቹ ሲወድቅ ብቻ ነው።

የዛሬ ሆምብሪው ሠሪ ግን ይህ ሁሉ አያስገድደውም። ሳንቲም መሰብሰቢያ ሣጥን የለውም። ቦታም ቢሆን በምርጫው ነው። በ2019 የወጣው «ማይክሮ ሜጅስ» ሆን ብሎ እዚያው 40 ኪሎባይት ውስጥ ገብቷል። ሠሪዎቹ ሞርፍካት ጌምስ ይባላሉ። ግንብ እየዘለልክ የምትወጣበት ጌም ነው፤ አራት ሰው አብሮ ይጫወተዋል። ቦታ ለመቆጠብ የክፍሉን ግማሽ ብቻ አስቀምጠው ሌላውን ግማሽ እንደ መስታወት ይገለብጡታል። ተንኮላቸው ያስቀናል። ባትል ኪድ ደግሞ ከዚያ የሰፋ ካርትሪጅ ላይ ነው የተቀመጠው። 550 ክፍል ያለው ጌም ዕድሜውን ለማርዘም ሰው መግደል አያስፈልገውም።

እና ለምን?

«የድሮው ጊዜ ናፍቆት ነው» የሚለው መልስ ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ከባድ ጌም ስንጫወት ያደግን ሰዎች ስንሠራም ከባድ እንሠራለን። ግን ባትል ኪድን ከእነዚያ የድሮ ጌሞች ጎን ሳስቀምጠው ከብዙዎቹ ይከብዳል። ናፍቆት ብቻውን ወደዚያ አያደርስም።

እኔ የደረስኩበት መልስ ጣቶች ናቸው። የሠሪው ጣቶች።

አንድ ሰው ብቻውን ጌም ሲሠራ የመጀመሪያው ተጫዋች ራሱ ነው። ሁለተኛውም ራሱ ነው፤ ሦስተኛውም። ክፍሉን ሠርቶ ይሞክረዋል። እሾሁን ሁለት ፒክስል ያስጠጋና ይሞክረዋል። የጥይቱን ፍጥነት ይለውጣል፣ ይሞክረዋል። ልጁ ግድግዳ ውስጥ ሲቀረቀር ያያል፣ ኮዱን ያስተካክላል፣ እንደገና ክፍሉን ያልፈዋል። በማግስቱ ስለ ሙዚቃው ብሎ ያልፈዋል። ክፍሉ ተጠናቀቀ በሚባልበት ቀን እሱ እያሰበ አይደለም የሚጫወተው። ጣቱ መንገዱን በቃሉ ይዞታል። በዚያ ጣት ሲለካ ክፍሉ ቀሏል። «ይህማ ለሕፃን ነው፣ ትንሽ ላክብደው» ይላል። ያከብደዋል። ከዚያ ያንን የከበደውንም ይለምደዋል።

ትልቅ ኩባንያ ሲሠራ ሌላ ሰው ይሞክርለታል። አንድ ቀን እንኳ ጌሙን አይቶ የማያውቅ ሰው ጠርቶ ቁጭ ያደርጋል። ፊቱን ያያል፣ የት እንደተናደደ ይመዘግባል። ብቻውን የሚሠራው ሰው ያ ዕድል ብዙ ጊዜ የለውም። ቢኖረውም የሚሞክሩለት እንደሱው በዚህ ማሽን ያበዱ ጓደኞቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ «ቀላል ነው» ለማለት የሚቸኩሉ ሰዎች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ።

ይህ ነገር በኩባንያም ደርሷል። ኒንቴንዶ በ1986 ጃፓን ውስጥ ያወጣው የሱፐር ማሪዮ ሁለተኛ ክፍል፣ በኋላ «ዘ ሎስት ሌቭልስ» የተባለው፣ የመጀመሪያውን አብጠርጥሮ ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው። የሚገድል እንጉዳይ አለው። ወደፊት ይወስደኛል ብለህ የገባህበት መሸጋገሪያ ወደ ኋላ ይመልስሃል። ዝላይህ መሃል ነፋስ ይነሳል። ለአሜሪካ ይህን ጌም አላቀረቡም፤ በሌላ ጌም ተኩት። ይኼኛው እዚያ የደረሰው በ1993 ነው፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ካርትሪጅ ታጭቆ። አንድ ሰው ያኔ ከውጭ ሆኖ አይቶ «ይህ ለሁሉም አይሆንም» ብሏል ማለት ነው። የሆምብሪው ሠሪ ያ ሰው የለውም።

የሠሪው ጣት የት እንዳለ ማየት ከፈለግክ ጉድጓዶቹን ተመልከት። ስክሪን በስክሪን በሚቀያየር ጌም ውስጥ አንዳንዴ መንገዱ ወደ ታች ነው። ትወድቃለህ፣ ስክሪኑ ይቀየራል፣ አሁንም እየወደቅክ ነው። ከታች ምን እንዳለ አላየህም። እሾህ ከሆነ ወደ ግራ ለመሄድ የቀረህ ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ አይበልጥም። የመጀመሪያው ሞት እንግዲህ የግድ ነው፤ የማንም ችሎታ አያድንህም። ሠሪው ይህን ሲሠራ ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። እሱ ከታች ምን እንዳለ ያውቃል። ለእሱ ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ክፍል ናቸው። ገና ከላይ ሆኖ ወደ ግራ መጫን ጀምሯል። የማያውቅ ሰው መሆን ምን እንደሚመስል ረስቶታል፤ ሊያስታውሰውም አይችልም።

ሆን ተብሎ የሚደረግ ክፋት ሌላ ነው፤ እሱንም ቢሆን እወደዋለሁ። በ2007 ለኮምፒውተር የወጣው «አይ ዋና ቢ ዘ ጋይ» የዚህ ዓይነቱ አለቃ ነው። ባትል ኪድም ከእሱ ተምሯል። እዚያ ጌም ውስጥ ዛፍ ሥር ስታልፍ ፍሬ ወድቆ ይገድልሃል። ገባኝ ብለህ በሚቀጥለው ዛፍ ላይ ስትዘል ፍሬው ወደ ላይ «ይወድቅና» ይገድልሃል። ይህ ቀልድ ነው። ሠሪው ምን እንደምታስብ አስቀድሞ አስቦ እየጠበቀህ ነው። ቀልዱ የሚሠራው ግን አንዴ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የምትሞትበት ምክንያት ከሌለ ከባድ ክፍል አይባልም፤ የተነገረ ቀልድ ነው። ባትል ኪድ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ወጥመዶቹን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ነው የሚያስቀምጣቸው። ገብተህ ትቆማለህ፣ ታያለህ፣ «አሃ፣ እዚህ ቆሜ እዚያ ዘልዬ» ትላለህ። ማወቁ ቀላል ነው። እጅህ ነው እምቢ የሚልህ።

ይህ ልዩነት ለእኔ ዋናው ነገር ነው። እያወቅኩ ስሞት ደስ ይለኛል ማለት አልችልም፤ ግን አልናደድም። የጠላቱ አካሄድ ትናንት እንደነበረው ነው። ጥይቱ በዚያው ቅጽበት ይወጣል። ክፍሉ አይዋሽም። ከእኔ የሚጠበቀው ሠሪው የሚያውቀውን ማወቅ ነው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ልክ እሱ እንዳደረገው ገና ስክሪኑ ሳይቀየር ወደ ግራ መጫን እጀምራለሁ። እዚያ ጋ አንድ የሚገርም ስሜት አለ። አይቼው የማላውቀው ሰው፣ በድምፁ ቀርቶ በፊቱ የማላውቀው ሰው፣ ጣቶቼን በየት በየት እንደሚያልፉ እያስተማረኝ ነው። የእሱ እጅ በእጄ ላይ ተቀምጧል። ለዚህ ነው እነዚህን ጌሞች የማልተዋቸው።

መቸኮል ደግሞ አይሠራም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ጌም ነው የሚመስለው። ቀላሏን የመጀመሪያ ዝላይ በጥድፊያ ዘልለህ አንድ ፒክስል ወደ ቀኝ ካረፍክ፣ ከሦስት ዝላይ በኋላ የምትሞተው በዚያች አንድ ፒክስል ምክንያት ነው። ሞቱ የተጻፈው ቀድሞ ነው። እኔ በጆሮ መጫወት ይቀናኛል፤ የጥይቱን ድምፅ እየቆጠርኩ በሦስተኛው እዘላለሁ። ሙዚቃውን ዘግቶ የሚጫወት ሰው አለ። እንዴት እንደሚችል አይገባኝም።

አሁን ስለ ርኅራኄ ላውራ፤ ምክንያቱም ብዙ ሠሪዎች ርኅራኄ ጌሙን የሚያቀልለው ይመስላቸዋል። በ2018 የወጣውን «ሴሌስት» ውሰድ። ከዚህ ዘመን ከባድ ፕላትፎርመሮች ስሙ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ከገደል ጫፍ ላይ እግርህ ከወጣ በኋላ እንኳ ለሰከንድ አንድ አስረኛ ያህል እንድትዘል ይፈቅድልሃል። በዓይንህ አየር ላይ ነህ፣ ጌሙ ግን «ግድ የለም፣ ዝለል» ይልሃል። አብዛኛው ተጫዋች ይህ እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ቁልፉን በሰዓቱ እንደተጫነ ነው። ጌሙ በዚህ አልቀለለም። የሚገድልህ ነገር በገዛ ችሎታህ ልክ ሆነ እንጂ።

የኤንኢኤስ ጌሞች በአብዛኛው ይህ የላቸውም። ጫፉን ካለፍክ አለፍክ ነው። ሆኖም ማሽኑ አይከለክለውም። ምን ያስፈልጋል? ልጁ መሬት ላይ ሲሆን አንድ ቁጥር ትሞላለህ፣ አየር ላይ ሲሆን በየፍሬሙ አንድ ትቀንሳለህ፣ ዜሮ ካልደረሰ መዝለል ይፈቀዳል። ከ2,048ቱ ባይት አንዷን ብቻ ይወስዳል። ከመሬት ሳትደርስ ትንሽ ቀድመህ ቁልፉን ብትጫን እንዲያስታውስልህ ለማድረግ ሌላ አንድ ባይት። ለሁለቱም በጠቅላላ ሁለት ባይት። በጠባብነት የሚያመካኝ ሠሪ ሲገጥመኝ ይህችን ሂሳብ አስባለሁ።

የሚገድለው ቦታ ስፋትም እንዲሁ ነው። ልጁ ሲሳል 16 ፒክስል ስፋት ካለው፣ ሲነካ የሚሞተው ክፍል ከዚያ ቢጠብ ማንም አያጉረመርምም። ፀጉሩ እሾህ ነክቶት አለመሞቱን ተጫዋቹ እንደራሱ ቅልጥፍና ይቆጥረዋል። በተቃራኒው ያልነካው ነገር ከገደለው ለዘላለም አይረሳውም። እኔ ያልረሳኋቸው አሉ።

ስለ ቴሌቪዥኑም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ሰው በከንቱ ራሱን ሲወቅስ አያለሁ። እነዚህ ጌሞች የተሠሩት ለድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ነው። እሱ ምልክቱ እንደደረሰው ወዲያው ይስለዋል። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ግን ሥዕሉን ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ አስውቦ ነው የሚያሳይህ። መዘግየቱ ሦስት ፍሬም ቢሆን 50 ሚሊሰከንድ ነው። ፊልም ስታይ አይታወቅህም። ሁለት ፍሬም ብቻ ዕድል የሚሰጥ ዝላይ ላይ ግን የምታየው ያለፈ ታሪክ ነው። ቴሌቪዥኑ «ጌም ሞድ» የሚል ካለው ክፈተው። ብዙ ሰው «አርጅቻለሁ» ብሎ የተወው ጌም በዚህ ብቻ ይመለስለታል።

ኢሙሌተር ላይ፣ ማለትም የድሮውን ማሽን ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚጫወቱት ደግሞ ሌላ ክርክር አለባቸው። ኢሙሌተር ጌሙን ባሻህ ቅጽበት አቁሞ ያስቀምጥልሃል፤ ብትሞት ወደዚያችው ቅጽበት ይመልስሃል። «ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አያናድደኝም፤ ሰው በገዛ ጊዜው የፈለገውን ያድርግ። ግን አንድ ነገር ይጠፋል። በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ አንድ ክፍል ብቻውን ያን ያህል አይደለም። ከባዱ አምስቱን በተከታታይ ማለፍ ነው፤ አምስተኛው ላይ ስትደርስ እጅህ ማላብ ይጀምራል። በየክፍሉ ካስቀመጥክ ያ ላብ የለም። አንዱን ክፍል ለመለማመድ ተጠቅሞበት ከዚያ ከመጀመሪያው መሄድ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ይመስለኛል። ሠሪዎቹም ሲሠሩ እንዲሁ ይመስለኛል የሚያደርጉት። ቦሱን ለማስተካከል በየጊዜው ከመግቢያው በእግሩ የሚመጣ ፕሮግራመር የለም።

ባትል ኪድ ራሱ የምርጫ ደረጃዎች አሉት። ቀላሉ ላይ እንደገና የመሞከር ዕድል አያልቅም። የመጨረሻው ስሙ ራሱ «አንፌር» ነው፤ እዚያ አንድም ዕድል የለም። ከ550 በላይ ክፍል ያለውን ጌም ሳትሞት መጨረስ አለብህ። ሠሪው ስሙን እንዲያ ማለቱን ወድጄለታለሁ። የት ላይ ፍትሕ እንደሚያበቃ ያውቃል ማለት ነው። የማልወደው ቀላሉን የመረጠ ሰው ላይ የሚያላግጡትን ተጫዋቾች ነው። ቀላሉ ላይም ቢሆን አንድ ንክኪ ያው አንድ ንክኪ ነው። እሾሁ አልለሰለሰም። የተጨመረልህ ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ ከየትም ይምጣ ከየት የሚጫወተው ያንተ እጅ ነው። አዲስ ሰው ከሆንክ ከቀላሉ ጀምር። ማንም ቢስቅ ይሳቅ።

ሆምብሪው የምትሠራ ሰው ይህን ካነበብክ አንድ ልመና አለኝ። ጌምህን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጠው። ከጓደኞችህ መሃል ይህን ማሽን የማይወደውን ብትመርጥ ይሻላል። ከኋላው ቁጭ በል፤ አትናገር። «እዚያ ጋ ግራ ነው» ለማለት አፍህ ሲከፈት ዝጋው፤ ያቺ ልትናገራት የነበረች ቃል ናት ጌሙ ውስጥ የጎደለችው። ክፍሉን አቅልለው አላልኩም። ዝላዩ እንዳለ ይቆይ፣ ጥይቱም በዚያው ፍጥነት ይምጣ፣ የጣቶችህ መንገድ እንዳለ ይቀመጥልኝ፤ ልማረው የመጣሁት እሱን ነው። ከታች ምን እንዳለ ሳላይ የምወድቅባት ጉድጓድ አፍ ላይ ብቻ አንዲት ቀስት ሳልልኝ። የጀርባ ሥዕል ናት፤ ከ64ቱ አትቆጠርም።